በፍልሰታ ቃጭል የታሰረላት ዝንጀሮ

የእናቴን እርሻ የሚመኝ ሰው አልነበረም። ከቡሬ ማለዳ የተነሣ እግረኛ ረፋድ ላይ የሚደርስበት አገር ነው። አፈሩ ቀይና ወፍራም ነው፤ በቆሎም ዳጉሳም የጣሉበትን ያወጣል። ነገር ግን ራስጌው የቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ ግርጌው ገደል ነው። ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ላይ ያድራሉ፤ ደኑ ውስጥ ይውላሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ መንገዳቸው የእናቴ በቆሎ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያንን መሬት ልረስልዎት ብሎ የመጣ ቢኖር አጥሩን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ «እግዜር ያበርታዎት እመይቴ» ብሎ ሄደ።

እናቴን ከዚያ ቤት ያላስነቀላቸውም ይኸው ነበር። ፍኖተ ሰላም የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ በየዓመቱ ሊወስዳቸው ይመጣል። እሳቸውም በየዓመቱ አንድ ቃል ይመልሱለታል፤ «እኔ ከሄድሁ ማን ይጠብቀዋል?» ይሉታል። ጠባቂ የሌለው በቆሎ ለዝንጀሮ ነው፤ ዝንጀሮ የሚበላውን መሬት ደግሞ የሚያርስ የለም። ወንድሜም እሸቱን በልቶ፣ አኩርፎ ይመለሳል።

ያለፈው ዓመት ግን ዝንጀሮ አብዛኛውን በላባቸው። ወንድሜም እኔ ወዳለሁበት ደውሎ ቁርጡን ነገረኝ።

«ዘንድሮም ከበላው በቃ! መሬቱ ጦሙን ይደር፤ እማ እኔ ጋ ይመጣሉ። ሰው ምን ይለኛል? እናቱን ለዝንጀሮ ጥሎ ተባልሁ እኮ!»

እናቴ ከተማ ፈርተው አይደለም። አንድ ክረምት እዚያ ከርመው ያውቁታል። ምራታቸው ጭስ ይሸታል ብላ ነጠላቸውን ከሰው ልብስ ለይታ ታጥበው ነበር፤ ለብቻው ገመድ ላይ፣ ለብቻው ጥግ። ያንን ያወሩት ለእኔ ብቻ ነው፤ እየሳቁ ጀምረው ሳይስቁ ጨረሱት። ደግሞም አባቴ የተቀበረው ከደኑ ውስጥ ነው፤ ከጎኑ ያለውን ክፍት ቦታ «የእኔ» ይሉታል።

እኔ የምኖረው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ተራራው ባሕር ውስጥ ገብቶ በሚያልቅበት ጫፍ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። እዚያም ዝንጀሮ አለ። ከተራራው ወርዶ መስኮት ይከፍታል፤ ዳቦ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። መንጋውን ከከተማው የሚመልሱ ጠባቂዎች አሉ፤ ሲበርዳቸው ወጥ ቤታችን ገብተው ሻይ ይጠጣሉ። ስለ ዝንጀሮ የማውቀው ከእነሱ የሰማሁትንና በመስኮት ያየሁትን ነው። ሴቶቹ ከተወለዱበት መንጋ አይወጡም፤ ወንዱ ነው ሲጎለምስ አገር ለቅቆ የሚሄደው። ሴት ልጅ የእናቷን ወንበር ትወርሳለች፤ እናቷ የተከበረች ከሆነች እሷም ትከበራለች፤ እናቷ ኋለኛ ከሆነች እሷም ዕድሜ ልኳን ከምግቡ ኋለኛ ናት። ይህን ስሰማ ከሰው ምንም አልራቁም ብዬ አማተብሁ።

እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ለአውሬ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። ቤት መስበር የለመደ ወንድ ዝንጀሮ ካለ ባለሥልጣኖቹ ተሰብስበው ይመክሩበታል፤ ከዚያ በመርፌ ያስተኙታል። አይነቃም። ጠባቂው ይህን ሲነግረኝ ስኳሩን እያማሰለ ነበር።

በሐምሌ መጣሁ። እዚያም ያን ጊዜ ክረምት ነው፤ እንግዳ ስለማይበዛ ፈቃድ አይከለክሉኝም። በቆሎው ከወገብ በላይ ሆኖ ዘንጉን ሊያወጣ ነበር። እናቴ ሳሙኝና እጄን ይዘው ቀጥታ ወደ እርሻው ወሰዱኝ።

«እሸት እስኪያልፍ ብቻ ነው» አሉ። «እሱ ካለፈልኝ ለወንድምሽ አፍ አለኝ።»

በማግሥቱ ማለዳ የአባቴን ካፖርትና ሱሪ አወጡልኝ። ዝንጀሮ ሴት አይፈራም፤ ቀሚስ ሲያይ አይነሣም። እዚያም እንደዚሁ ነው፤ ጠባቂዎቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው። እናቴ ለብዙ ዓመት ያንን ካፖርት ለብሰው ኖረዋል፤ ክርኑ ላይ የጣፉት የቀሚስ ጨርቅ ነው። እኔ ሱሪ ታጥቄ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ መቆሜ ከነከነኝ። ወደ ደኑ ዞሬ ይቅርታ ስጠይቅ እናቴ ሰሙኝ።

«ኧረ ተይ! እመብርሃን የማን ልጅ እንደሆንሽ ጠፍቷት ነው?»

ከእኛ ቀጥሎ የሚያርሰው ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፎ አየኝ። የወንድሜ እኩያ ነው፤ አብረው ያደጉ ናቸው። ዝንጀሮ በማባረር ስም አለው፤ ከሌላ ቀበሌ ሳይቀር መጥተው ይወስዱታል።

«ሱሪው ልክሽ ነው!» አለኝ። «ደቡብ አፍሪካ የተማርሽው ይኼን ነው?»

«እዚያ ከኋላቸው ሆነው ቀስ አድርገው ነው የሚመልሷቸው። መንጋው እንዳይበተን።»

«ቀስ አድርገው!» ሳቁ ደኑ ድረስ ተሰማ። «እንግዲያ ለእኔም ቦታ ፈልጊልኛ። ‹ደህና ዋሉ፣ ለቤተሰብ ሰላም በሉ› እያልሁ የምሸኝ።»

ቢስቅም ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ከገደሉ ሳይወጡ ቀድሜ እደርሳለሁ፤ በቆርቆሮ እየመታሁ በታችኛው በኩል አሳልፋቸዋለሁ። ዋናው ነገር ለሁለት አለመክፈል ነው፤ የተከፈለ መንጋ ግማሹ በጀርባህ ይገባል። መልካቸውንም መለየት ጀመርሁ። ከንፈሩ የተሰነጠቀ አውራ ነበር። አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ስትቀመጥ ሴት ልጆቿ ይከቧታል፤ ጠጉሯን ለመፈተሽ ይሻማሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የጅራቷ ጫፍ የተቆለመመ ወጣት እናት ትመጣለች። ሆዷ ላይ ጥቁር፣ ፊቱና ጆሮው ቀይ የሆነ ጨቅላ ተለጥፏል። ሌሎቹ ቆፍረው የተዉትን ትቆፍራለች፤ አንዷ ቀና ብላ ካየቻት ያነሣችውን ትጥላለች። ኋለኛዋ አልኋት። ከእሷ ጋር የምትቀመጥ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ገና ያልወለደች፣ ጨቅላውን ልንካልሽ እያለች እጇን የምትዘረጋ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

በፍልሰታ አገሩ ሁሉ ያስቀድሳል። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ደወሉ ሲደወል የሚያርመውም የሚጠብቀውም እጁን ታጥቦ፣ ነጠላውን ለብሶ፣ ልጅ አዝሎ ይሄዳል። ቅዳሴው እስኪወጣ እርሻ ላይ ሰው የለም። ዝንጀሮዎቹ ይህን ያውቃሉ። ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር፤ በዓይኔ አየሁት። የመጀመሪያው ደወል ሲሰማ ከዛፉ ወርደው በደኑ ጠርዝ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ አንዱን እየፈተሸ። የመጨረሻዋ ነጠላ ለባሽ አሮጊት በበሩ እስክትገባ ይጠብቃሉ። ከዚያ አውራው ይነሣል።

ስለዚህ እኔ ቀረሁ። ቅዳሴውን ከእርሻው መካከል ቆሜ በነፋስ እሰማዋለሁ፤ ሲሰግዱ እኔም ቆርቆሮዬን አስቀምጬ እሰግዳለሁ፤ ቀና ስል አውራው ትንሽ ቀርቦ አገኘዋለሁ። እኔ በምኖርበት አገር ቅዳሴ የምንሰማው በኪራይ አዳራሽ ነው፤ ካህን ከሩቅ ሲመጣልን። እናቴ ይህን ያውቃሉ።

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ መንገድ መጥተሽ የዝንጀሮ ቂጥ ስታዪ ልትመለሽ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን። «ዛሬ አንቺ ሂጂ። ካፖርቴን አምጪ።»

ሄድሁ። ስመለስ እናቴ ከበቆሎው ጠርዝ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው አገኘኋቸው። አውራው ጥርሱን አውጥቶ ሮጦባቸዋል። ሊነክሳቸው አልነበረም፤ ዝንጀሮ እንዲያ የሚያደርገው ገለል በል ለማለት ነው። እናቴ ግን ወደ ኋላ ሲሉ የቦዩ ጠርዝ ከዳቸውና በእጃቸው ላይ ወደቁ። አንጓው ተሰብሯል። የታችኛው ማዕዘን በቆሎ ተነቅሏል፤ ገና ወተት የያዘው እሸት አንዴ እየተነከሰ ተጥሏል፤ የበሉት ከጣሉት አይበልጥም።

እናቴ መጀመሪያ የተናገሩት ስለ እጃቸው አይደለም።

«ወንድምሽ እንዳይሰማ።»

ወጌሻው አስሮላቸው ከሄደ በኋላ ጎረቤታችን መጣ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እመይቴ፣ የዘንድሮው መንጋ በጩኸት የሚሄድ አይደለም። ፈቃድዎ ይሁንና አንዷን ልያዝና ቃጭል ልሰርላት።»

ሥራው ይህ ነው፤ ስሙም የወጣው በዚህ ነው። አንድ ዝንጀሮ በሕይወት ይያዛል። አንገቱ ላይ ቃጭል፣ ገላው ላይ ጨርቅ ይታሰርለትና ይለቀቃል። እሱ ወደ ወገኖቹ ይሮጣል፤ ወገኖቹ የሚንቃጨል ነገር መጣብን ብለው ይሸሹታል፤ ሲሸሹት ይከተላቸዋል፤ ሲከተላቸው ይብስ ይሸሹታል። መንጋው አገር ለቅቆ እስኪጠፋ ድረስ። ጠባቂም ጥይትም አያስፈልግም። የሚያባርራቸው የራሳቸው ዘመድ ነው።

«እኔ ባለሁበት አገር እንዲህ ያደረገ ሰው ይታሰራል» አልሁ።

«እዚያ ዝንጀሮው ይመርጣል መሰለኝ» አለኝ። እናቴ ሳቁ፤ ሲስቁ እጃቸውን አመማቸው።

«ደም ይፈሳል?» አሉት። «ጾም ነው።»

«ጠብታ አይፈስም እመይቴ። ጾም መሆኑ ለእኔም አልጠፋኝም። ባይሆንማ በውሻ ነበር የምጨርሰው።»

እናቴ በዚህ ብቻ አልረኩም። በማግሥቱ እጃቸው እንደታሰረ ሄደው፣ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ። እኔ ደግፌያቸው ቆሜ ነበር።

«መግደል አለበት?» አሉ አባታችን።

«የለበትም አባቴ።»

«እንግዲያ ጾሙን የሚያፈርስ ነገር የለም።»

«አባቴ፣ ፍጥረቷ ትሠቃያለች» አልሁ።

በደግነት አዩኝ፤ ከዚያ መስቀላቸውን ወደ እናቴ እጅ አመለከቱ። «ይኼስ ስቃይ አይደለም ልጄ?» ብለው አሳልመውን ጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ጎረቤታችን የከብት ገንዳ አምጥቶ ከደኑና ከእርሻው መካከል አስቀመጠ። በድፍድፍ ሞላውና የደምበጫ አረቄ ደፋበት። እኛ ከአጥሩ ኋላ ተደበቅን፤ እሱ፣ ሁለት ወንድሞቹ፣ እኔና እናቴ። እናቴ ቤት ይቀሩ ቢባሉ እምቢ አሉ።

አውራው ቀድሞ መጣ። አሸተተ፤ ጣቱን ነክሮ ላሰ፤ ከዚያ በግንባሩ ገባበት። ጠጥቶ ሲጠግብ እጁን ገንዳው ላይ ጭኖ እንደ ድግስ አሳላፊ ቁጭ አለ። አሮጊቷ ከልጆቿ ጋር ቀጠለች። ከዚያ መካከለኞቹ። ጎረምሶቹ መውደቅ ጀመሩ፤ አንዱ ጉቶ ላይ ሊቀመጥ ሲል ጉቶውን ስቶት ተንከባለለ፤ ሌላው የራሱን ጅራት ይዞ የማን እንደሆነ ሊያውቅ ይፈትሽ ጀመር። ከአጥሩ ኋላ አፋችንን በነጠላ አፍነን ሳቅን። እናቴ ዕንባቸው ፈሰሰ።

ኋለኛዋ ሁሉም ጠጥቶ ሲያበቃ መጣች። አተላው ከሥር ነው፤ አረቄውን የጠጣውም አተላው ነው። ራሷን ገንዳው ውስጥ ቀብራ ስትልስ ሌሎቹ እየተንገዳገዱ ወደ ገደሉ ሄዱ። ልትከተላቸው ስትነሣ እግሯ እምቢ አላት። ሰዎቹ ሲወጡ የጮኸችው አንዴ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን አንገቷን በባላ እንጨት መሬት ላይ ያዘው። ወንድሞቹ እጅና እግሯን ያዙ። የማዳበሪያ ጆንያ ጫፉን ቀዶ፣ እጆቿን በቀዳዳው አውጥቶ አለበሳት፤ ወገቧን በሽቦ አሰረው። ጨቅላው ከጆንያው ሥር ቀረ፤ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«ልጇን አውጣላት!» አልሁት። «ጡት አያገኝም።»

«ከሥር ፈልጎ ያገኛል። እኔ አዋላጅ ነኝ?»

የበቅሎውን ቃጭል በሽቦ አንገቷ ላይ ሲያስር እጁ ሞላና ጫፉን የሚይዝለት አጣ። እናቴ ቀርበው በደኅናው እጃቸው ያዙለት። ዝንጀሮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይኗ ቡናማ ነው፤ ያን ያህል ቀርቤ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ጠበቅ አድርገው» አሉት እናቴ።

ስካሩ በረድ ሲልላት ለቀቋት። በመጀመሪያ ቁጭ ብላ ጆንያውን ጎተተች። ቃጭሉ ሲጮህ ደነገጠችና ዘለለች፤ ስትዘል ይብስ ጮኸ። ከዚያ ማንም እንደሚያደርገው ወደ ቤቷ ሮጠች። መንጋው ከገደሉ አፋፍ ነበር። ነጭ ነገር እየተንቃጨለ ሲመጣባቸው አውራው ሁለት ጊዜ እንደ ውሻ ጮኸና ሁሉም ተነሡ። ቆመች፤ ቆሙ። ሄደች፤ ሄዱ። ያቺ ጨቅላውን የምትወድላት ጓደኛዋ ብቻ ከኋላ ቀረች። ተጠጋች፤ አንገቷን አስግጋ አሸተተች፤ እጇን ዘረጋች። ልትነካት ስትል ኋለኛዋ ወደ እሷ ዘምበል አለች፤ ቃጭሉ ጮኸ። ያቺም እንደ ተቃጠለ ሰው ጮሃ ሌሎቹን ተከትላ ቁልቁል ወረደች። ከዚያ ወዲያ የቆመላት የለም። ገደሉን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ በማዶው ሲወጡ ቃጭሉ ከኋላቸው ይሰማ ነበር። ወንድሞቹ እልል አሉ። ጎረቤታችን ባላውን አፈር ላይ ጠራረገ።

መንጋው አልተመለሰም። የተመለሰችው እሷ ብቻ ናት።

ወዴት ትሄዳለች? የማያውቋት መንጋ አይቀበላትም፤ የሚያውቋት ይሸሿታል። የምታውቀው ይህንን ገደልና ይህንን ደን ነው። አጥሩ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ትቀመጥ ነበር። ስትቀመጥ ቃጭሉ ዝም ይላል፤ ስታክክ ይንቃጨላል። በቆሎውን አትነካውም። ጨቅላው ሞቶ ነበር። በአንድ እጇ ይዛው ትዞራለች፤ ስትቀመጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ጠጉሩን ትፈትሻለች፤ ስትወጣ በአፏ ትይዘዋለች። እዚያም ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ደርቆ እንደ ቁራጭ ቆዳ እስኪሆን አይጥሉትም።

ሽቦውን ልፈታላት ድንች ይዤ ቀረብሁ። ድንቹን አየችው፤ እኔንም አየችኝ፤ ጥርሷን አወጣች። እዚያ ቢሆን አስተኝቶ የሚፈታ ሐኪም ይጠራል። እዚህ ማንን ልጥራ? ለጎረቤታችን ብነግረው «ለእሷ ስታለቅሺ በቆሎው የበቀለው ለማን ነው?» አለኝ። ይህም እውነት ነበር።

እናቴ ግን ቃጭሉን አልቻሉትም። ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ይሰማቸዋል፤ ያቆማሉ፤ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። በመጨረሻ በግራ እጃቸው ድንጋይ እየወረወሩ ይጮኹባት ጀመር።

«ሂጂ! ወገንሽ ጋ ሂጂ! እዚህ ምን አለሽ?»

ከአጥሩ ትወርድና ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች።

የፍልሰታ ጾም ተፈታ። በጉ ታረደ፤ ተበላ። ከምሳ በኋላ ጎረቤታችን ውሾቹን አስከትሎ መጣ።

«ቃጭሌን ልውሰድ እንጂ እመይቴ፤ በቅሎዬ ራቁቷን ቀረች።»

«ውሰድ» አሉት።

ውሾቹን ስታይ ወደ ደኑ ሮጠች፤ ጆንያው ግን እንደ ድሮዋ ዛፍ አያስወጣትም ነበር። ዛፉ ላይ ግማሽ ከወጣች በኋላ ቅርንጫፍ ያዘውና ተንጠልጥላ ቀረች። ውሾቹ ከሥር ደረሱባት። እሱ በዱላ ጨረሳት። ሽቦውን ፈትቶ ቃጭሉን ከቦዩ አጠበው፤ አራገፈው፤ ኪሱ ከተተው። እሷንም የያዘችውንም ወደ ገደሉ ወረወራቸው፤ ወዲያው አሞራ መዞር ጀመረ። ጾም ስላልነበረ የደሙን ነገር ያነሣ የለም።

እናቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ተገላገለች» አሉ። በዚያን ዕለት ውዳሴ ማርያምን ሳያቋርጡ ጨረሱ።

በቆሎው እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። አንዱ አገዳ ሁለት ሁለት እሸት ተሸከመ። ወደ ገበያ የሚያልፈው ሁሉ አጥሩ ዘንድ ቆሞ «ይኼ የማን ነው?» ይላል። እናቴ መልሱን ራሳቸው ለመስጠት በር ላይ መዋል ጀመሩ። ጎረቤታችንም በምሽት ተመላልሶ በድንበሩ ላይ ይራመዳል፤ አንዳንዴ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ቆንጥሮ ያያል። እኔ የሥራውን ውጤት እያየ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ስልኬን ተቀብለው ለወንድሜ ደወሉ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ዝንጀሮ የሚባል የለም! አንድ የለም! ቀንም ማታም ክፍቱን ያድራል፤ የሚነካው የለም! ለአዲሱ ዓመት ና፤ ዓይንህ ይየው!»

መጣ። ስኳርና ዘይት ይዞ፣ በራሱ መኪና። እናቴ ገና ጫማውን ሳያራግፍ እርሻውን አዞሩት፤ በደኅናው እጃቸው እሸት እየቀጠፉ ሰጡት። እሱም አየ፤ ከልቡ ተደነቀ። ቤት ገብተን ስንቀመጥ ጎረቤታችን ቆቡን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ ሲሉት አልገባም።

«እማ» አለ ወንድሜ፣ «ደስ ይበልዎት። ለመሬቱ የሚያርስ ሰው ተገኘ።»

«ማን ፈለገ?»

«እኔ ነኛ። እኩል ለማረስ ተስማምተናል።» በዓይኑ በሩን አሳየ። «ይኼን በቆሎም አጥሮ፣ ሰብስቦ ድርሻዎን ያመጣል።»

«እኔ እያለሁ?»

«እርስዎማ ይኸው እጅዎ። ስንት ዓመት ሙሉ ማን ይጠብቀዋል ሲሉኝ ነበር። እውነትዎን ነው፤ የሚወስደው አልነበረም። አሁን ግን የሚጠበቅበት ነገር የለም። እርስዎ ራስዎ አይደሉም የነገሩኝ?»

«ጋሼ» አልሁት፣ «ዝንጀሮ ከበላው ነው ያልኸው። አልበላውም።»

«አንቺ በዚሁ በመስከረም ትሄጃለሽ። እንጀራቸውን ማን ይቆርስላቸዋል? ትቀሪያለሽ?»

የመመለሻ ቀኔ ተቆርጧል። እናቴም አላዩኝም፤ ያን ጊዜ ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ያዩት በሩ ላይ የቆመውን ነው።

«አንተ ነህ?»

«ባዳ ከሚወስደው ብዬ ነው እመይቴ። ድርሻዎን ፍኖተ ሰላም ድረስ በጀርባዬም ቢሆን አመጣልዎታለሁ።»

«ዝንጀሮ እንደሌለ አይተሃል?»

«እኔው አይደለሁ ያባረርሁት?»

እናቴ የእጃቸውን ማሰሪያ ቀስ ብለው አስተካከሉ። ከዚያ ለእንግዳ እንደሚደረገው ተነሥተው እሸት ጠበሱለት፤ እኔ ልሥራ ብል አሻፈረኝ አሉ። ተቀብሎ ቆሞ በላ። መርቋቸው ሄደ።

ለእናቴ ዕቃ ብዙ አልነበረም። ካፖርቱን አውጥተው ተመለከቱትና መልሰው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። መኪናው ሲነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እንዲያቆምላቸው ወንድሜን ለመኑት፤ ወርደው ሊሳለሙ፣ አባቴንም ሊሰናበቱ። መንገዱ ሳይዘጋ ፍኖተ ሰላም መግባት አለብን አለ፤ ቀስ ብቻ አደረገ። እናቴ በመስኮቱ ግንባራቸውን አውጥተው፣ በግራ እጃቸው አማተቡ።

ከዚያ ወዲያ ባለው ኩርባ እርሻው ሙሉውን ይታያል። ጎረቤታችን ቀድሞን ደርሶ ነበር። በደኑ በኩል፣ ዝንጀሮዎቹ ይገቡበት በነበረው ክፍት ላይ ቆሞ እሾህ እየጎተተ ይዘጋል።

«ጎበዝ ነው» አሉ እናቴ። «ቀዳዳውን አውቆታል።»